ቀኝ ክንፉ የተቆረጠ ዓሣ

ሺኖን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የምግብ ቤቴ መስኮት ነው። የዓሣ መጥበሻ ዘይት ያደበዘዘው መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ ሰማያዊ ቦቲ ያደረገች አጭር ሴት፣ የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ጀልባ ስትጠብቅ። ፊቷን ወደ ባሕሩ፣ ጀርባዋን ወደ እኔ። ስንት ዓመት እንዲህ ጀርባዋን እንዳየሁ አልቆጠርኩትም። የሰው ጀርባም እንደ ፊት ይለመዳል፤ ዛሬ ደስ ብሏታል፣ ዛሬ ከፍቷታል ብዬ ከትከሻዋ አውቅ ነበር።

እሷም እኔም ወደ ሃኔዛኪ መንደር የተዳርን እንጂ እዚህ የተወለድን አይደለንም። እኔ ከማዶው ወደብ መጣሁ፤ ስለዚህ ቢያንስ ጨው ለምዶኝ ነበር። ሺኖ ግን የኮረብታ ልጅ ናት። አባቷ መንደሪን ነበር የሚያመርተው። የተዳረች ሰሞን የዓሣ ሾርባ ሽታ ሲመጣባት ወደ ጓሮ እየሮጠች ትወጣ ነበር፤ አማቷም «ይቺ ልጅ አርግዛለች» ብላ ለሰፈሩ አወራች። ኋላ ነው እርግዝና ሳይሆን ዓሣው መሆኑ የታወቀው። ይህን ሳነሳባት እስከ መጨረሻው ድረስ ፊቷ ይቀላ ነበር።

ባሏ ያሳኩ የጀልባ ቤት የበኩር ልጅ ነው። እኛ ዘንድ የጀልባ ቤት ማለት እንግዳ ጭኖ የሚወጣ ማለት ነው። ከዮኮሃማና ከቶኪዮ ሰዎች ዘንጋቸውን ይዘው ጎሕ ሳይቀድ ይመጣሉ፣ ታይ የሚባለውን ቀይ ዓሣ ለማጥመድ። ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለደስታ ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። የሚያጠምዱት ለኑሮ ሳይሆን ለልባቸው ነው። የጀልባው መሪ ሥራ ዓሣው ያለበትን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ እንግዳውን ማጫወት፣ ማሞካሸት፣ አንዳንዴም መሳደብ ነው። ያሳኩ ይህ አልሆነለትም። ትንሽ ዓሣ ለያዘ ሰው «ትልቅ ነው» ማለት አይችልም። አንዱ እንግዳ መዳፍ የምታህል ይዞ «እንዴት ናት?» ቢለው፣ «ትደግ፣ መልሳት» አለው አሉ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ስለዚህ ጀልባውን ለታናሽ ወንድሙ ለቶራዞ ተወለትና እሱ ከዓለቱ ጀርባ ወዳለው የመረብ አጥር ገባ። የአጥማጆቹ ማኅበር የዓሣ ጫጩቶች እዚያ ነበሩ። ከዓሣ ምርምር ጣቢያው ገንዳ ጥፍር አክለው ይመጣሉ፣ በመረብ በታጠረው ባሕር ውስጥ ጣት እስኪያህሉ ይቀለባሉ፣ ከዚያ ወደ ሰፊው ባሕር ይለቀቃሉ። ሰፈሩ ሳቀበት። «ከአጥማጅ ቤት ተወልዶ ለዓሣ ሞግዚት ሆነ» ይሉት ነበር። እሱ ግን ደስተኛ ነበር። ጠዋትና ማታ በትንሿ ታንኳ እየቀዘፈ ይሄድና፣ ከመቀለቡ በፊት በእንጨት ጭልፋ የአጥሩን ጣውላ ይመታል። ሁለቴ በዝግታ፣ ትንሽ ዝም ይልና፣ አንዴ። ያን ጊዜ ውሃው ከታች እየቀላ ይመጣል። በመስኮቴ በኩል ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ሩዝ አጥቤ የምጥደው በሱ ነበር፤ ሰዓት አላይም።

«ይህን አመታት ከየት አመጣኸው?» ብዬው አውቃለሁ አንድ ቀን።

«እናታችን ናት» አለኝ። «ከባሕር ዳር ለምሳ ስትጠራን የድስቱን ክዳን እንዲህ ነበር የምትመታው። ቶራዞ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይደርስና የኔን ይበላብኝ ነበር።»

አንድ ዓመት ጣቢያው የሚለቀቁትን ጫጩቶች ምልክት እናድርግባቸው አለ። የዚያን ዓመቶቹ ከሌሎቹ እንዲለዩ ቀኝ የሆድ ክንፋቸው ይቆረጥ ተባለ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወደቡ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፣ ጉልበታችን ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ በእጃችን ትንሽ መቀስ። ያሳኩ ጫጩቶቹን በባልዲ እያመላለሰ ያቀርባል። ዓሣዋን በግራ እጅ ይዞ፣ ገልብጦ፣ ቀኟን ክንፍ ከሥሯ ቀጭ ማድረግ ነው። እጃችን ከቅዝቃዜው የተነሳ የሌላ ሰው መሰለን። ሺኖ ከሁላችን ትዘገይ ነበር፤ እያንዳንዷን ስትቆርጥ «ይቅርታ» ትላለች።

«ለሁሉም ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?» አላት ያሳኩ ባልዲውን ሲያወርድ።

«አንተ ምን አለብህ፣ የምትሸከመው ውሃ ነው።»

«ውሃ ብቻ አይደለም፣ የናንተንም ወሬ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እንደዚያ እንደሳቅን አስታውሳለሁ፣ ፀሐይም ነበር። የለቀቅናቸው ቀን ያሳኩ ጭልፋውን ለመጨረሻ ጊዜ መታላቸው፣ መጡ፣ በሉ፣ ከዚያ መረቡ ተከፈተ። በዚያው መኸር ከታንኳው ወርዶ ገመድ ሲያስር ልቡ ቆመ። ገመዱ በግማሽ ታስሮ ነበር። ቶራዞ ነው የጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ማንም የመረብ አጥሩን አልያዘም፤ ማኅበሩም ጫጩት ማሳደጉን ለሌላ ወደብ ሰጠ። ጣቢያው ግን የሚያዘውን የሚመዘግብ ሰው ፈለገ። እንግዶቹ ከባሕር ይዘው የሚመጡትን ታይ የሚለካ፣ ስንቱ የባሕር፣ ስንቱ የገንዳ እንደሆነ የሚለይ። ሴቶቹ ሁሉ እንቢ አልን። በብርድ መቀመጥ ነው፣ ደግሞ የማያውቁትን ሰው «ዓሣህን አሳየኝ» ማለት ያሳፍራል። ሺኖ ናት «እኔ እቀመጣለሁ» ያለችው። ዓሣ የሚሸታት፣ የመንደሪን ልጅ።

ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ለኔ ግን አንድ ቀን ጎመን ስንጨምቅ ነገረችኝ።

«ኪኑ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ያን ቀን ከቆረጥናቸው አንዷን ባይ ይበቃኛል። አድጋ፣ ትልቅ ሆና፣ ቀኝ ክንፏ የሌለ። እሱ ቀልቧት እኔ የቆረጥኳት። ከዚያ በኋላ አልፈልግም።»

«አይተሽስ ምን ልታደርጊ?»

«ምንም። አያታለሁ።»

ሥራዋ እንዲህ ነበር። ጀልባ ሲገባ ትነሳለች፣ ለእንግዶቹ ጎንበስ ትላለች፣ ዓሣውን ከበረዶ ሣጥናቸው አውጥታ መለኪያው ጣውላ ላይ ታስተኛዋለች። ርዝመቱን ታያለች። ትገለብጠውና ሆዱን ታያለች። ከዚያ በጣም ጎንበስ ብላ አፍንጫውን። የባሕር ታይ በአንድ በኩል ሁለት ትናንሽ የአፍንጫ ቀዳዳዎች አሉት፣ ለየብቻ። በገንዳ ተፈልፍለው የመጡት የኛዎቹ ግን ሁለቱ ቀዳዳዎች ተገናኝተው አንድ ረዘም ያለ ስንጥቅ ይሆናሉ። ለምን እንደሆነ ጣቢያው ያውቃል፤ እኛ እንዲያ መሆኑን ብቻ ነው የምናውቀው። ሕፃንነቱን በገንዳ ያሳለፈ ዓሣ እስኪሞት ድረስ ፊቱ ላይ ይዞት ይኖራል።

እንግዶቹ አይተዋት አይጠግቡም። «እትዬ ሺኖ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ሊሳሳሙ ነው?» ይሏታል። እሷም «ካንተ ይሻላል፣ እሱ ሲጋራ አይሸትም» ትላለች። ዓይን አፋሯ ሴት ከዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነው መመለስ የተማረችው።

ስንጥቅ አፍንጫ ያላቸው ብዙ አየች። ሌላ ወደብ ያሳደጋቸው፣ ሌላ ዓመት የተለቀቁ። ግራ ክንፋቸው የሌለም አየች፤ ያ የሌላ ሰፈር ምልክት ነው። ቀኝ ክንፍ የሌለው ግን አልመጣም። መጀመሪያ አካባቢ ጀልባ በገባ ቁጥር ሩጫ የሚመስል አረማመድ ነበራት። እየቆየ ያ ቀረ። ዓሣ ስትገለብጥ ግን ያቺ ትንሽ መዘግየት አለች፣ እጇ አየር ላይ ትንሽ የምትቆምበት። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ያቺን እጠብቃለሁ። ከዚያ እጇ ይወርዳል፤ አይደለም ማለት ነው።

ልጇ ናጎያ ናት፣ አግብታለች፣ ደህና ቤት አላቸው። በየሳምንቱ እየደወለች «እማዬ፣ ነይ፣ ክፍልሽ ተነጥፏል» ትላታለች። ሺኖም «ይሄ ሥራ ሲያልቅ» ትላታለች። የማያልቅ መስሏት ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በመኸር አጋማሽ ኦጋታ መጣ። ኦጋታ የጣቢያው ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ጨዋ። የተጠበሰ ዓሣ አዘዘና ሳይነካው ተቀመጠ። ሺኖ ከጎኑ ሻይ እየጠጣች ነበር፤ ቶራዞ ደግሞ ጥግ ላይ ሾርባውን እየሳበ።

«እትዬ ሺኖ» አለ ኦጋታ፣ «እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም።»

«እንግዲያው ዓሣህን ብላና ንገረኝ፣ ይቀዘቅዛል።»

አልበላም። «የቼሪ ዛፍ ከሚያብብበት ጊዜ ጀምሮ እንግዶቹ ራሳቸው በስልክ ፎቶ እያነሱ እንዲልኩልን ተወስኗል። ወደብ ላይ የሚቀመጥ ሰው አያስፈልግም ተባለ። እርስዎ ግን... እኔ በበኩሌ...» ብሎ ሰሐኑን አየ።

ሺኖ ሻይዋን አስቀመጠች። «እስከ ቼሪው ድረስ ልቀመጥ?»

«እስከ መጋቢት መጨረሻ።»

«መልካም ነው» አለች። «ለፍተሃል። ብላ በል።»

ግን እጇን አየሁት፤ ጉልበቷ ላይ ዓሣ የምትገለብጥ ይመስል መዳፏ ተዘርግቶ ነበር። ቶራዞም ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሳ። ቶራዞ ሾርባ ትቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ስለ ቶራዞ እንግዲህ፣ አፉ ትልቅ ነው። ጀልባው ላይ እንግዶቹን ይሳደባል፣ እነሱም ለስድቡ ሲሉ ይመጣሉ። በተለይ ኒሺጎሪ የሚባል የዮኮሃማ ፀጉር አስተካካይ ነበረው፤ ሰኞ ሱቁን ዘግቶ ሁልጊዜ የሚመጣ፣ ዓሣ ግን እምብዛም የማይዝ።

«ያንተ እጅ ለመቀስ እንጂ ለመንጠቆ አልተፈጠረም» ይለዋል ቶራዞ።

«አንተስ ፀጉር የለህም እንጂ ተበቅዬህ ነበር» ይላል ኒሺጎሪ።

እንዲህ ሲባባሉ ነው የሚውሉት። ስለ ወንድሙ ግን ቶራዞ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። የሙት ዓመት መታሰቢያው ቀን እንኳን ዕጣን ለኩሶ፣ እጁን አጋጥሞ፣ ቶሎ ይወጣል። ሰው ልቡ ደረቅ ነው ይለዋል። እኔም እል ነበር።

በዚያ የብርድ ወራት ቶራዞ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ከዓለቱ ጀርባ ያለውን የድሮ የመረብ አጥር ጠገነና ማንም እንዳይጠጋው አለ፤ «ማጥመጃ ሽሪምፕ ላኖርበት ነው» ብሎ። ሁለተኛ፣ ከኩሽናዬ የሽሪምፕ ጭንቅላት መለመን ጀመረ።

«ሽሪምፕ ለምታኖረው ለአንተ ነው ወይስ ለሽሪምፑ ነው ጭንቅላቱ?» አልኩት።

«ለድመት ነው።»

«አንተ ድመት አትወድ።»

«ይቺን እወዳታለሁ። ትልቅ ናት።»

ተውኩት። ባል የሞተባትም ሚስት የሞተችበትም ሲያረጁ ድመት ይይዛሉ፣ እሱም እንደዚያው ነው አልኩ። አንዳንድ ጠዋት ግን ሩዝ ሳጥብ ከዓለቱ በኩል የሆነ ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ውሃውን ዘግቼ አዳምጣለሁ። ነፋስ ነው፣ ጀልባ ከጀልባ ሲማታ ነው፣ ብዬ መልሼ እከፍተዋለሁ። የሞተ ሰው ድምፅ ጆሮ ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ።

የመጋቢት መጨረሻ ሰኞ ዋለ። ነፋስ ስለነበር አብዛኞቹ ጀልባዎች አልወጡም። ሺኖ ግን እንደ ወትሮው ሣጥኗ ላይ ነበረች፤ ያን ቀን ፀጉሯን አበጥራ፣ ንጹሕ ሽርጥ አድርጋ። ዕቃዋ ለናጎያ ታስሮ ነበር። እኔም ሆዴ አልቻለምና ምድጃውን ትቼ የባሕር ቀንድ አውጣ የምፈለፍልበትን መክተፊያ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የቶራዞ ጀልባ ገባች። ከጀልባዋ የወረደ እንግዳ ኒሺጎሪ ብቻ ነው። ትልቅ ገንዳ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ እየተንገዳገደ መጣ። ቶራዞ ከኋላው ነው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ።

«እትዬ ሺኖ» አለ ኒሺጎሪ፣ «ዛሬ እንግዲህ አንድ ነገር ያዝኩ።» በብርድ ላቡ ይወርድ ነበር።

ሺኖ ገንዳው ውስጥ አየች። እንደ ክንድ የረዘመ ታይ፣ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት፣ የሚያምር። «በሕይወት አለ» አለች።

«አዎ። በሕይወት... በሕይወት ልይዘው ፈልጌ ነው።»

«ሌላ ጊዜ በበረዶ አምጥተህ ዓይኑ እንኳን ነጭ ሆኖ ነው የማየው። ስንት ሜትር ላይ ያዝከው?»

«ስልሳ» አለ ኒሺጎሪ።

«አርባ» አለ ቶራዞ፣ በዚያችው ቅጽበት።

ኒሺጎሪ ከናፍሩን ላሰ። «ስልሳ ነበር። ከዚያ ወደ አርባ ወጣ።»

«ዓሣው ነው ጀልባው?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ቀንድ አውጣሽን ፈልፍይ» አለኝ ቶራዞ።

«ኃይለኛ ነበር እኮ» ቀጠለ ኒሺጎሪ፣ «ሦስቴ ነው ያመለጠኝ። አንዴ በጀልባው ሥር ዞረ፣ አንዴ ከመልሕቁ ጋር ተጠላለፈ...»

«መልሕቅ አልጣልንም» አለ ቶራዞ።

«መልሕቅ ያልተጣለ መልሕቅ ነው የምልህ፣ ተንጠልጥሎ የነበረው።»

ሺኖ አልሳቀችም። እርጥብ ጨርቅ ጣውላው ላይ አነጠፈች፣ ዓሣውን በሁለት እጇ አንስታ አስተኛችው፣ ዓይኑንም በጨርቁ ጫፍ ሸፈነችለት። ለካች። ከዚያ ያቺ መዘግየት መጣች፣ እጇ አየር ላይ። ገለበጠችው።

ቀኝ የሆድ ክንፉ የለም። ከሥሩ ተቆርጦ ጠባሳው ድኗል።

እጇ አልወረደም። እኔ ቢላዬን አስቀመጥኩ። ቶራዞ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ባሕሩ ዞሯል፣ መላጣው በነፋሱ ቀልቷል። ያን ሁሉ ዓመት ከመስኮት ሆኜ የጠበቅሁት ነገር እፊቴ ተኝቶ ነበር፤ እኔም አልቅሼ ነበር፣ አልዋሽም።

ሺኖ ግን ሥራዋ ነውና ጎንበስ አለች። አፍንጫውን ልታይ። እኔም አጠገቧ ነበርኩና አየሁ።

ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች። ለየብቻ። ባሕር የወለደችው ዓሣ ነው።

ብዙ ቆየች እንደጎነበሰች። ያኔ ገባኝ፣ የሽሪምፑ ጭንቅላት፣ ትልቋ ድመት፣ የተጠገነው አጥር። ቶራዞ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣን በአፉ ነው የሚያውቀው፣ መንጠቆው በሚገባበት በኩል። የአፍንጫውን ነገር ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፣ ግን ያን የሚያህል ታይ በእጁ ሲገባና ወንድሙ ሲታወሰው አፍንጫ ማን ያያል። ክንፉን ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪድን የብርዱን ወራት ሙሉ ደብቆ ቀልቦ፣ ፊቱን ረሳው።

ሺኖ ቀና አለች። «ቀኝ ነው» አለች።

«ቀኝ» አለ ቶራዞ፣ ሳይዞር። «ያኔ የቆረጣችሁት... የወንድሜ...» አልጨረሰውም።

«ኒሺጎሪ፣ አመሰግናለሁ» አለች ሺኖ፣ በጣም ዝቅ ብላ። «ቶራዞ፣ አመሰግናለሁ።» ዓሣውን ወደ ገንዳው መለሰች። እርሳሷን አንስታ ርዝመቱን ጻፈች፣ ከጎኑም የባሕር ዓሣ መሆኑን ምልክት አደረገች፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ወንዶቹ ይህን አላዩም። «ይለቀቅ» አለች። «ኪኑ፣ የሩዝ ጭልፋ አውሺኝ እስኪ።»

ተከትያት ኩሽና ገባሁ። በሩ ሲዘጋ ዞር አለች።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ሁለት ነው።»

«ሁለት ነው፣ እኔም አይቻለሁ።»

አፏን በሽርጧ ይዛ መሳቅ ጀመረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «መቀሱንስ ከየት ያመጣ ይመስልሻል?»

«ከፀጉር አስተካካዩ ነዋ።»

ይሄኔ ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈን፣ እንደ ሙሽርነታችን ጊዜ። ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ። ጀርባዋን ያዝኩላት። ከመስኮት የማውቀውን ጀርባ፣ በእጄ ስነካው ቀጭን ነበር።

«እኔ ብቻ የምፈልገው ይመስለኝ ነበር» አለች። «አንድ ቤት ገብተን ስንወጣ ኖረን፣ እሱ የረሳው ይመስለኝ ነበር።»

«ትነግሪዋለሽ?»

«ምኑን?» አለችና ፊቷን ጠረገች። ጭልፋውን ይዛ ወጣች።

ከወደቡ ጎን ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ከዓለቱ ነፋስ የተከለለ። ቶራዞ ገንዳውን አወረደ፣ ሺኖ እጇን ውሃ ውስጥ ከትታ ዓሣውን ለቀቀችው። ትንሽ ቆመ፣ መተንፈሻ ስንጥቡን ከፈት ዘጋ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ ሄደ። ቀይነቱ እየደበዘዘ ጠፋ። አለቀ ብለን ልንመለስ ስንል ሺኖ በጭልፋው ድንጋዩን መታች። ሁለቴ በዝግታ፣ ትንሽ ዝም፣ አንዴ። ያሳኩ ጫጩቶቹን በሸኘበት አመታት ልትሸኘው ነው እንጂ ሌላ አላሰበችም፤ ኋላ እንደዚያ ነው የነገረችኝ።

ውሃው ከታች ቀላ። ዓሣው ተመልሶ መጣ። ደረጃው ሥር ቆሞ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ምግብ እንደለመደ።

ሺኖ ቀስ ብላ ወደ ቶራዞ ዞረች። እሱም እንደ ልጅ መሬት መሬት አየ።

«እንዴት ነበር የምትጠራው?» አለችው።

«እትዬ...» አለ። «ሌላ መጥሪያ አላውቅማ። እናታችን የምትጠራን እንዲያ ነው። እሱም እንዲያ ነበር።» ኮፍያውን አጣጥፎ ጨመቀው። «አፍንጫውን አየሽው አይደል? አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ስትጎነበሺ።»

«አየሁት።»

«ታዲያ?»

ሺኖ ከሽርጧ ኪስ የሆነ ነገር ፈለገች፣ የሚበላ አልነበራትም። እኔ መክተፊያዬ ላይ ከፈለፈልኩት ቀንድ አውጣ አንስቼ ሰጠኋት፤ ቆርሳ ጣለችለት። ዓሣው ዋጠና ጠበቀ። «ታዲያማ» አለች፣ «መጣ። በሱ አመታት መጣ። እኔ አያታለሁ ነበር ያልኩት፣ እያየሁት ነው።»

ሌላ አልመታችም። ዓሣው ትንሽ ዞር ዞር ብሎ፣ ምንም እንደሌለ ሲያውቅ፣ ሄደ። ኒሺጎሪ ከደረጃው ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል። «ስልሳ ሜትር ላይ ነው ያልኩት እኔስ» አለ ለራሱ። ቶራዞ «አርባ ነው ብያለሁ፣ አንተ መቀስ» አለው፣ ግን እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር።

ቼሪው ሲያብብ ሺኖ ናጎያ ሄደች። ጭልፋዬን አልመለሰችልኝም፤ ወይ ወሰደችው፣ ወይ ለቶራዞ ሰጠችው፣ አልጠየቅኩም። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ከሕንፃው ላይ ባሕር አይታይም አለች፤ ዓሣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፣ እሱንም እየገለበጥኩ ሳይ ልጄ ታፍርብኛለች አለች። የልጇ ቤት ሞቃት ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሁሉ ጥሩ ነው። ከዚያ እኔ ስልኩን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደርገዋለሁ፣ ማዕበሉን ትሰማ እንደሆነ።

ሣጥኗ አሁንም ወደቡ ላይ አለ። ማንም አላነሳውም። እንግዶቹ ዓሣቸውን በስልክ ፎቶ ያነሱና ይልካሉ፤ ማን እንደሚያየው አላውቅም። አንዳንዶቹ የያዙትን ጥበሺልን ብለው ወደ እኔ ያመጣሉ። ታይ ሲሆን ቢላ ከማንሳቴ በፊት ገልብጬ ቀኝ ክንፉን አያለሁ፣ እጄም አየር ላይ ትንሽ ትቆያለች። ከያሳኩ አንዷ ብትሆን፣ ወይም ያ የቶራዞ ዓሣ ዞሮ ቢመጣ፣ ጠርቼ እነግራታለሁ ብዬ ነው።

አፍንጫውን ግን አላይም።